ኦቨርክሎክ የሆነ ካርድ ገዝቼ ኦቨርክሎኩን ያጠፋሁበት ምክንያት

ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

«ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብላችሁ ኢንቦክስ ለላካችሁልኝ ሁሉ አንድ በአንድ ከምመልስ የራሴን ልንገራችሁ።

ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ ለአርክቴክቶች 3ዲ ሪንደር እሠራለሁ። የድሮ ካርዴ 6 ጊጋ ነበረች። ዛፍና መኪና የበዛበት ሥራ ሲመጣ ሜሞሪዋ ይሞላና መሃል ላይ ጥላኝ ትወጣለች። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 አለፈ፤ አዲስ ካርድ የመግዛት ሐሳቤ እዚያ ላይ አበቃ። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ ሰፈራችን ለልማት ተነሳ። እኔና እማዬ ቂርቆስ ቤተክርስቲያን አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየን። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

እቁቤ ሲደርሰኝ ቴሌግራም ላይ አንድ ኤምኤስአይ አርቲኤክስ 3060 ጌሚንግ ኤክስ አገኘሁ፤ 12 ጊጋ። ሻጩ ካዛንቺስ ካልተነሳው በኩል፣ ወደ ኡራኤል ጠጋ ብሎ ነው የሚሠራው።

«ብሮ፣ ይሄ ተራው 3060 አይደለም። ኦሲ ነው፤ ፋብሪካ ላይ ተገፍቶ የመጣ።»

እውነቱን ነው፣ ግን ምን ያህል ተገፋ? የኤንቪዲያ መነሻ ቁጥር 1777 ሜጋኸርዝ ነው፤ የዚህ 1837። ልዩነቱ 60 ሜጋኸርዝ፣ 3 በመቶ ከምናምን። በዚያ ላይ ካርዶቹ ከቀዘቀዙ ሁለቱም ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው አልፈው በራሳቸው ይሄዳሉ፤ ሲሞቁ ደግሞ ራሳቸው ይወርዳሉ። ስለዚህ «ኦሲ» ለሚለው ቃል ብር አትጨምሩ። ብር የሚያወጣው ከላይ የተጫነው ብረት ነው፦ ወፍራሙ ሂትሲንክ፣ የመዳብ ቱቦዎቹ፣ ሁለቱ ትልልቅ ፋኖች።

«ማይኒንግ ላይ ነበር?» አልኩት።

«ኧረ በጭራሽ! ጌመር ነው የሸጠልኝ።»

እዚህ አገር የሚሸጥ ካርድ ሁሉ የጌመር ነበር። ኢቴሪየም መስከረም 2015 ላይ በግራፊክስ ካርድ መቆፈር ሲያስቀር በዓለም ዙሪያ ስንቱ ካርድ ገበያ ላይ እንደፈሰሰ እናውቃለን። ለነገሩ ማይኒንግ ራሱ ቺፑን አይገድለውም። የሚያልቀው ፋኑ፣ ፔስቱና ቴርማል ፓዱ ነው።

ሁለት ደቂቃ የሚሽከረከር ነገር ሊያሳየኝ ፈለገ። እኔ ብሌንደርና የራሴን ሥራ በፍላሽ ይዤ ነበርና «20 ደቂቃ ስጠኝ» አልኩት። በ11ኛው ደቂቃ መብራት ሄደ። ማኪያቶ ጠጥተን ጠበቅን፤ ሲመጣ ካርዱ ስለቀዘቀዘ እንደገና ከዜሮ። ልጁ መናደድ ጀምሮ ነበር፣ አልፈርድበትም።

መጨረሻ ላይ የቺፑ ሙቀት 76 ዲግሪ። ደህና ይመስላል አይደል? ግን ከሥሩ «ሆት ስፖት» የሚል መስመር አለ፤ እሱ 104 ይላል። በሁለቱ መሃል 10 ወይም 15 ዲግሪ ቢኖር ጤና ነው። 28 ከሆነ ግን ፔስቱ ደርቋል፣ ወይም ሂትሲንኩ በደንብ አልተቀመጠም። ስክሪኑን አሳየሁትና 7 ሺህ ብር አስቀነስኩ። እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፔስት ብቻ ባይሆንስ? የአንድ ዓመት እቁብ ነው።

ቤት ወስጄ ፈታሁት። ፔስቱ እንደ ደረቀ ጭቃ፣ ፓዶቹ ዘይት ተፍተዋል። አጽድቼ ቀየርኩ፦ 67 እና 80። ያን ሌሊት ተኛሁ።

በማግስቱ ከሰዓት ግን ፋኑ እንደገና መጮህ ጀመረ። እማዬ ጀበናዋን እያጠበች «ምንድነው፣ እህል ይቆላል እንዴ ይሄ ነገር?» አለች። ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሳል። ሌላም ነገር አለ፤ ዩቲዩብ ላይ የሚያሳዩን ቁጥር አብዛኛው ከባህር ወለል ብዙ ከፍ ባላለ ቦታ የተለካ ነው። እኛ 2,300 ሜትር አልፈን ነው የምንኖረው። ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው ለዚህ ነው። አየሩ ሲሳሳ ፋኑ በአንድ ዙር ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀትም በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ሌሊት ብርዱ ያካክሰዋል፣ ከሰዓት ግን አያካክሰውም።

ስለዚህ ተገፍቶ የመጣውን ካርድ መልሼ ጎተትኩት። አፍተርበርነር ላይ ቮልቴጁን ቀነስኩ፣ ፍጥነቱንም ትንሽ አወረድኩ። 170 ዋት ይበላ የነበረው ወደ 130 ወረደ። 41 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ምስል 43 ሆነ። በሁለት ደቂቃ ፈንታ ጸጥታ ገዛሁ፤ መብራት ሲሄድም ትንሿ ዩፒኤሴ ሥራውን ሴቭ እስካደርግ ትሸከመዋለች። በፊት ጭነት ላይ ስትሆን ወዲያው ነበር የምትጠፋው።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የመጣው በሳምንቱ ነው። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ፣ ቦታው ካዛንቺስ። የድሮዋ ካርድ ብትሆን አትከፍተውም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ 12 ምስል አወጣ፣ አንድም ጊዜ አልቆመም። ጠዋት እማዬ ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን ስታይ ቆየችና «የእኛ በር የቱ ጋ ነበር?» አለችኝ። ካሜራውን ወደ መንገዱ አዙሬ ፈለግኩ። እርግጠኛ አልነበርኩም፤ አንዱን ዛፍ አሳየኋት። «አይ፣ ከዚያ ወዲህ ነው» አለች። ሥራውን በሰዓቱ አስረከብኩ፣ ክፍያውም ገባ።

ኦሲውን እስካሁን መልሼ አላበራሁትም። የግራ ፋኑ ግን ሲነሳ አሁንም ይንኳኳል፤ ቡሹ አልቋል መሰለኝ። የዚህ ካርድ ፋን ያለው ወይም የሞተ ጌሚንግ ኤክስ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ካለ ኢንቦክስ ያድርገኝ፣ በዋጋ እንስማማለን።