«ሲስተም የለም» ከማለታችን በፊት

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት። በተለይ ቢሮ ገብታችሁ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጣችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

«ሲስተም የለም» የሚሉትን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። መሐል ሜዳ ለሚኖር ሰው ትርጉሙ «ነገ ና» ነው። ትራንስክሪፕት ሊያወጣ ከግሼ ራቤል ለመጣ ልጅ ግን የአልጋ፣ የምሳና የትራንስፖርት ገንዘብ ነው፤ ሲብስም የምዝገባ ቀን ያልፈዋል።

በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። የተማሪዎች መዝገብ የሚይዝ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ የቢሮው ስም ይቅር። «ቲቸር፣ አዲስ ሰርቨር ተገዝቶልን ዳታቤዙን አዛወርነው፤ ግን ከአሮጌው ባሰ! አንድ ትራንስክሪፕት ለማውጣት ከደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ሰልፉ ውጭ ድረስ ወጥቷል» አለኝ። አሮጌው ማሽን 4 ጊጋባይት ራም ነበረው፣ አዲሱ 16 አለው። ቢሮው በሙሉ «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ደምድሟል።

«እስቲ መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ራሱ ቁጭ ብለህ ሞክረው» አልኩት። እዚያም ዘገየ። እንግዲህ ኔትወርኩ ብቻውን አይደለም ማለት ነው። ከዚያ መዘግየቱን ለሁለት ከፈልነው፦ ለመግባት ስንት ሰከንድ? ከገቡ በኋላ መልሱ እስኪመጣስ?

ሰርቨሩ ላይ መግባት ፈጣን ነው፤ ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ግን ለመግባት ብቻ አሥር ሰከንድ ያህል ይወስዳል። የሚጠቀሙት ማይኤስኪውኤል ነው። እሱ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ሲያንኳኳ በአይፒ ቁጥሩ ስሙን ከዲኤንኤስ ለማጣራት ይሞክራል። አዲሱ ሰርቨር ላይ የተሞላው ዲኤንኤስ መልስ የማይሰጥ ስለነበር ዝም ብሎ ይጠብቃል። ማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ «ስኪፕ ኔም ሪዞልቭ» የሚለውን ጽፎ ሰርቪሱን እንደገና ሲያስነሳው ያ ጥበቃ ቀረ። (ልብ በሉ፦ ፈቃድ የተሰጠው በኮምፒውተር ስም ከሆነ አስቀድማችሁ ወደ አይፒ ቁጥር ቀይሩት፤ አለዚያ ተጠቃሚው መግባት አይችልም።)

ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነበር። ውጤት የሚፈልገው ትእዛዝ ፊት «ኤክስፕሌን» የሚለውን ቃል ጨምሮ ሲያስኬደው፣ ዳታቤዙ የአንድን ልጅ ውጤት ለማግኘት የሁሉንም ተማሪ ውጤት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደሚያነብ አሳየው። ኢንዴክስ የለም! ለምን? ዳታውን ያዛወሩት ወደ ሲኤስቪ ፋይል አውጥተው መልሰው በማስገባት ነው። ሲኤስቪ የሚሸከመው ዳታውን ብቻ ነው፤ ኢንዴክሱ አሮጌው ማሽን ላይ ቀረ። በማይኤስኪውኤል ደምፕ ቢያወጡት ኖሮ ኢንዴክሱን የሚሠራው ትእዛዝም አብሮ ይመጣ ነበር።

ነገሩን የድሮ መዝገብ ቤት የምታውቁ በደንብ ትረዱታላችሁ። ፋይሉ የት እንዳለ በቃሏ የምታውቅ ሠራተኛ ነበረች። ቢሮው አዲስ ሕንፃ ሲገባ ፋይሉ ሁሉ ተጭኖ መጣ፣ እሷ ግን ጡረታ ወጣች። ሕንፃው ቢያምርም ፋይል ፈላጊው ክምሩን ሲያገላብጥ ይውላል።

በተማሪው መለያ ቁጥር ላይ ኢንዴክስ ሠራ፤ ደቂቃ ያልፍ የነበረው ከሰከንድ በታች ሆነ። በመጨረሻም ማህደረ ትውስታውን አየን። ኢኖዲቢ ለዳታ ማቆያ የሚይዘው ካልነካነው 128 ሜጋባይት ብቻ ነው። ማሽኑ 16 ጊጋ ስላለው ዳታቤዙ ይጠቀምበታል ማለት አይደለም፤ ከፍ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው።

ልጆቼ፣ ዳታ ስታዛውሩ የአሮጌውን ፍጥነት በሰከንድ ጽፋችሁ ያዙ፤ አዲሱ እስኪረጋገጥም አሮጌውን አታጥፉት። ችግሩ እስኪገኝ ባለጉዳዩን «ነገ ና» ብላችሁ ከምትመልሱት ስልኩን ተቀበሉትና ሲደርስ ደውሉለት። ራቤል ሩቅ ነው።

ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን።