«ምርመራሽ ንጹሕ ነው» ከተባለ በኋላ

ዛሬ የምጽፍላችሁ በብዙ ቤቶች ውስጥ እያለ በስሙ ስለማይጠራ ሕመም ነው። ስሙ ፋይብሮማያልጂያ ይባላል። ለአፍ ይከብዳል። «ፋይብሮ» ከላቲን የመጣ ሆኖ ክር መሰል የሰውነት ክፍልን፣ «ማዮ» በግሪክ ጡንቻን፣ «አልጎስ» ደግሞ ሕመምን ያመለክታል። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተማርኩት ግሪክ አንድ ቀን የራሴን በሽታ ስም ለመፍታት ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በእኛ ሰፈር ግን ማንም እንዲህ ብሎ አይጠራውም። «ቁርጥማት ነው»፣ «ብርድ መትቷት ነው»፣ «ነርቭ ነው»፣ «ያልታከመ ታይፎይድ ነው» ይባላል። ከዚያም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ስንፍና ነው» ይባላል።

እኔን የጀመረኝ እናቴን ከቀበርን በኋላ በነበረው ክረምት ነው። መጀመሪያ አንገቴንና ትከሻዬን ያዘኝ፤ ቀጥሎ ወገቤን፣ ዳሌዬን፣ ጉልበቴን። አንድ ቦታ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ አንድ ስም እሰጠው ነበር፤ ግን ይዞራል። ስምንት ሰዓት ተኝቼ ስነሣ ሌሊቱን ሙሉ በድንጋይ ወፍጮ ስፈጭ ያደርኩ ያህል እደክማለሁ። ትንሹ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ ሲያቅፈኝ ክንዴ ይቃጠላል። ሌላም አለ፤ ሐኪሞች ጭጋግ የሚሉት። እሁድ ለእህቶች ሳስተምር በርናባስ የሚለው ስም ከአፌ ጠፋ። «ያ የጳውሎስ ጓደኛ» እያልኩ ጨረስኩት። እህቶች የሳቅሁ መስሏቸው አብረውኝ ሳቁ።

ምርመራው አንድ ዓመት ተኩል ያህል ፈጀ። ደም ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ፣ ኩላሊቴም የታይሮይድ ዕጢዬም ታየ። በየሄድኩበት አንድ መልስ ነበር፤ «ምርመራሽ ንጹሕ ነው፤ ምንም የለብሽም።» ወረቀቱን ይዤ ወደ ቤት ስመጣ ቤተ ሰቡ፣ የጸሎት ቡድኑ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ «ጌታ ይመስገን!» አሉ። እኔም አሜን አልኩ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ሳልከትፍ አለቀስኩ። እናንተ ደግሞ ፍረዱኝ፤ ክፉ በሽታ አልተገኘብሽም ስትባል የምታዝን ሴት ምን ትባላለች? እኔ ግን የፈለግሁት ክፉ በሽታ አልነበረም። የሚያመኝን ነገር እውነት ነው የሚለኝ ሰው ነበር የፈለግሁት።

በመጨረሻ አንድ የመገጣጠሚያ ሐኪም ጋ ደረስን። ዶክተሩ ወረቀቶቹን ወደ ጎን አድርገው ረጅም ጊዜ አዳመጡኝ፣ አንገቴንና ጀርባዬን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፣ ስለ እንቅልፌ ጠየቁኝ። ከዚያ ስሙን ነገሩኝ። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። እሱ «ታዲያ በምርመራ ለምን አልታየም?» ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኗል፤ ብዙ ባሎች ይኸው ጥያቄ በሆዳቸው አለና።

ከተረዳሁት በራሴ ምሳሌ ልንገራችሁ። በቤተ ክርስቲያን ሳውንድ ሲስተም ላይ የሚቀመጡትን ወንድሞች አስቡ። አንዱ የማይኩን መጠን ከልክ በላይ ከፍ ቢያደርገው የዘማሪዋ ትንፋሽ እንደ ዐውሎ ነፋስ ይሰማል፣ የወረቀት መገለጥ ነጎድጓድ ይሆናል፣ በመጨረሻም ያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይመጣል። የዘማሪዋን ጉሮሮ ብትመረምሩ ምንም የለባትም። ድምፅ ማጉያውን ብትፈቱት አልተቀደደም። ፉጨቱ ግን ውሸት አይደለም፤ ጉባኤው ሁሉ ሰምቶታል። ችግሩ መሐል ላይ፣ ሚክሰሩ ላይ ነው። በፋይብሮማያልጂያም ጡንቻው አልተበጠሰም፣ አጥንቱ አልተበላም። ከሰውነት የሚመጣውን መልእክት ተቀብለው የሚመጥኑት ሕብለ ሰረሰርና አንጎል መጠኑን ከፍ አድርገው ይዘውታል። ራጅ የሚያነሣው አጥንትን ነው፤ የተከፈተ መጠን በራጅ አይታይም።

ሕክምናውም ቢሆን ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1904 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጋወርስ «ፋይብሮሳይቲስ» የሚል ስም ሲሰጡ የክር መሰሉ ሥጋ መቆጣት ነው ብለው ነበር። በኋላ ሲታይ መቆጣቱ የለም፤ ስሙም ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በሰውነት ላይ 18 ነጥቦችን መርጦ ሲጫኑ 11ዱ ካመሙ የሚል መለኪያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ነጥብ መቁጠሩን ትቶ ሕመሙ ምን ያህል የሰውነት ክፍል ላይ እንደተሰራጨ፣ ድካሙ፣ የማያሳርፈው እንቅልፍና የማሰብ ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ፣ ቢያንስ 3 ወር መቆየቱንም እንዲጠየቅ አደረገ። ከመቶ ሰዎች ከ2 እስከ 4 የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይገመታል። ሴቶች ይበዛሉ፤ ወንዶችንም ይይዛል። እስቲ 500 ሰው የሚሰበሰብበትን ጉባኤ በዚህ አስሉት። ከ10 ያላነሱ ሰዎች «ሃሌ ሉያ» ለማለት እጃቸውን ሲያነሡ ትከሻቸው እያመማቸው ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ይህን አንብባችሁ «እኔም ይኸው ነው» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የደም ማነስ፣ የመገጣጠሚያ ቁጣና ሉፐስ የሚባለው በሽታ ሁሉ በድካምና በሕመም ይመስሉታል፤ ሕክምናቸው ደግሞ ሌላ ነው። መገጣጠሚያ የሚያብጥ፣ ትኩሳት ያለው፣ ክብደት የሚቀንስ ወይም እግር የሚያዝል ከሆነ ፈጥናችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ያ «ንጹሕ» ምርመራ ያስለቀሰኝ ቢሆንም ሥራውን ሠርቷል፤ ያልሆነውን ነገር አስወግዷል።

አሁን ለባሎች ልናገር። ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህ ጠዋት ልብስ አጥባ ከሰዓት በኋላ ብርጭቆ ማንሣት ሲያቅታት «ጠዋት ደህና አልነበርሽም እንዴ?» ትላለህ። ጥያቄው ቅን ሊሆን ይችላል፤ እሷ ግን የምትሰማው ውሸታም ተብላ ነው። በእኛ ቤት ባለቤቴ ለብዙ ወራት የሚያምነው የሐኪሙን ወረቀት ነበር። አልተቆጣኝም፣ አልሰደበኝም፤ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። ከስድብ ያ አስተያየት ይከብድ ነበር። እኔም ማስረዳት ሰልችቶኝ ዝም አልኩ። በአንድ አልጋ ላይ ሁለት ዝምታ ተኛ። አገልጋዮች ስለሆንን ደግሞ እሁድ ጠዋት ፈገግ ብለን ጎን ለጎን ቆመን ሰው እንቀበላለን።

ከሐኪሙ ከተመለስን በኋላ እሱ ራሱ አንድ ነገር አመጣ። ጠዋት ጠዋት «ስንት ነሽ?» ይለኛል። ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር እሰጠዋለሁ። «አራት» ካልኩ ቀኑ የተለመደ ነው። «ሰባት» ካልኩ ልጆቹን እሱ ያደርሳል፣ እንጀራ ከሱቅ ይገዛል፣ ምክር አይሰጥም። ምክር አይሰጥም ያልኩትን በደንብ አንብቡልኝ፤ ፓስተር ለሆነ ሰው ይህ ትንሽ ጾም አይደለም። ቁጥሩ ክርክር የለውም። ማስረዳት የለብኝም፣ እሱም መገመት የለበትም።

ስለ መኝታ ቤትም መነገር አለበት፤ በእኛ መጽሔቶች ብዙ ጊዜ ስለምናልፈው ነው ሰው የሚጎዳው። ንክኪ በሚያምበት ቀን ሚስት ስትሸሽ ባል ፍቅሯ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። አንዳንዱ 1ኛ ቆሮንቶስ 7ን ጠቅሶ ይከሳታል። ያ ምዕራፍ ግን የሁለቱን መስማማት ይጠይቃል፣ ባልንም እኩል ባለ ዕዳ ያደርገዋል። እህቴ፣ አንቺም ዝም ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አታዙሪ። «አንተን አይደለም፤ ዛሬ ቆዳዬ ነው» ማለት ይቻላል። የቱ ሰዓት እንደሚሻል፣ የቱ ቦታ እንደማያም በግልጽ ንገሪው። እጅ ለእጅ ተያይዞ መተኛትም የባልና ሚስት ነገር ነው።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የኖራችሁ ይህን ትረዱኛላችሁ። ውሃ የመጣ ቀን ምን እናደርጋለን? ብርድ ልብሱ፣ መጋረጃው፣ ጀሪካኑ፣ ምንጣፉ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይታጠባል። ፋይብሮማያልጂያ ያለበት ሰው የተሻለው ቀን ልክ እንደዚህ ይፈትነዋል። ሕመሙ ቀለል ሲል ያደረ ሥራውን ሁሉ ይጨርሳል፣ ከዚያ ሦስት ቀን ይወድቃል። መፍትሔው ውሃ በመጣ ቀንም በልክ መቅዳት ነው። እኔ ሊጡን ዛሬ ካቦካሁ መጋገሩን ለሌላ ሰው እተዋለሁ፤ ሽንኩርት የምከትፈው ተቀምጬ ነው፤ ልብስ በአንድ ቀን ሳይሆን በሦስት ቀን ይታጠባል። ለደህና ቀንም ልክ አለው። ይህ ለእኛ አገር ሴት ከመድኃኒቱ ሁሉ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ጎረቤት ያያል።

እንቅልፍን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ1975 ካናዳዊው ሐኪም ሃርቪ ሞልዶፍስኪና ባልደረቦቹ አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። ጤነኛ ሰዎችን አስተኝተው ጥልቁን እንቅልፍ በድምፅ ሲያቋርጡባቸው፣ ሰዎቹ ጠዋት ሰውነታቸውን የሚያም፣ ሲጫኑት የሚቆጠቁጥ ሆኖ አገኙት። ይህን ከሰማሁ ወዲህ አዳር ጸሎት ላይ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ቆይቼ እሄዳለሁ። የፓስተር ሚስት ጫማዋን አድርጋ ስትወጣ የሚዞረውን ዐይን አውቀዋለሁ። እግዚአብሔር በዘጠኝ ሰዓት ብቻ አይሰማም።

እንቅስቃሴም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ሐኪሞች ምክረ ሐሳብ ከብዙ ሕክምናዎች መካከል «በጠንካራ ሁኔታ» የደገፈው የአካል እንቅስቃሴን ብቻ ነው። ለሚያመው ሰው ተንቀሳቀስ ማለት ጭካኔ ይመስላል። ግን በአምስት ደቂቃ ይጀመራል። እኔ ከበራችን እስከ ዳቦ ቤቱ ሄጄ መመለስ ጀመርኩ፤ በሳምንት ጥቂት ደቂቃ እየጨመርኩ አሁን ግማሽ ሰዓት እሄዳለሁ። ሕመሙ አልጠፋም። ሰባቶቹ ግን ቀንሰዋል።

መድኃኒቱ ብዙ ሐሜት አለበት። ሐኪሞች ከሚያዙት አንዱ አሚትሪፕቲሊን ነው፤ ማታ በትንሽ መጠን የሚወሰድ። ለድብርት የተሠራ ስለሆነ «የአእምሮ መድኃኒት ጀመረች» ይባላል። በዚህ መጠን ሲሰጥ ግን ሐኪሙ የሚፈልገው እንቅልፉን ማጥለቅና ያን የተከፈተ መጠን ዝቅ ማድረግ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ፕሪጋባሊንን፣ በ2008 ደግሞ ዱሎክሲቲንን ለዚህ ሕመም ፈቅዷል። ሁሉንም ሰው አይረዱም፤ የሚያስተኙ፣ አፍ የሚያደርቁ፣ የሚያወፍሩም አሉ። በሐኪም ትእዛዝ ይጀመራሉ፣ በሐኪም ትእዛዝ ይቆማሉ። ከፋርማሲ እየገዛችሁ እንደ ከረሜላ የምትወስዱት የሕመም ማስታገሻ ግን ለዚህ ብዙም አይፈይድም፤ ጨጓራን ግን ይጎዳል። እንደ ትራማዶል ያሉት ደግሞ ሱስ ያመጣሉ።

ስለ ጸሎት ሳልጽፍ ብቀር አዘጋጆቹም ይታዘቡኛል። ጌታ ይፈውሳል፤ ተፈውሰው ያየኋቸው አሉ። እኔም ብዙ ጊዜ እጅ ተጭኖልኛል፣ ነገም ይጫንልኝ። የከበደኝ ከጸሎቱ በኋላ ያለው ነው። «አሁንስ?» ይላሉ ጠበቅ አድርገው። «ተፈወስኩ በዪ፤ በእምነት በዪው።» ያመመኝን አላመመኝም ካልኩ ግን ለጉባኤው የምሰጠው ምስክርነት ሳይሆን ውሸት ነው። ጳውሎስ ስንቱን የፈወሰ ሐዋርያ ሆኖ ጥሮፊሞስን ታምሞ ሳለ በሚሊጢን ትቶት ሄደ፤ ለጢሞቴዎስም ስለ ሆዱ ሕመም የሚጠጣውን መከረው። ሁለቱንም እምነት የላችሁም ሲል አናይም። 2ኛ ጢሞቴዎስ 4ን የምንሰብክ አገልጋዮች ያቺን ጥሮፊሞስ ያለባትን ቁጥር ለምን እንደምንዘልላት አይገባኝም።

እንዲህ ያለች እህት ልትጠይቁ ስትሄዱ «ተሻለሽ?» አትበሏት። ካልተሻላት ታሳዝናችኋለች፣ ከተሻላት ነገ ሲያማት ታፍራለች። «ዛሬ እንዴት ነሽ?» በቂ ነው። ቡና ላፍላ ብላ ስትነሣ እናንተ ተነሡና ረከቦቱን አውጡ፤ ስኒውንም አጥባችሁ ሂዱ። ሲያቅፏት ቀስ። በእኛ ቤት ቡናውን የሚያፈላው አሁን ሁለተኛው ልጃችን ነው። ትንሽ ያሳርረዋል፤ እንግዶቻችን ለምደውታል።