በዳሞታ ግርጌ ሁለት የትምህርት መንገድ

ወደ ወላይታ ሶዶ ሲጓዙ አስቀድሞ የሚቀበልዎ የዳሞታ ተራራ ነው። ከተማው ሲደርሱ ኦቶናን ሳይጎበኙ አይለፉ። በ1920 ዓ.ም. ወደ ወላይታ የገባው የሱዳን ኢንተሪየር ሚሲዮን ወንጌልን ከሕክምና ጋር ይዞ በዚህ ሠፈር ሠርቷል። ዛሬ የኦቶና ሆስፒታል በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ኮሌጅና በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መካከል የሚያመነቱ ከሆነ ይህን ያስቡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሌጅ ግን እምነትን ከትምህርት አይለይም። ምእመናንን ለማገልገል የቆረጠ ወደዚያ ይሂድ። የመንግሥት ሥራ የሚሻ ግን ሳይመዘገብ በፊት ዲፕሎማው በመሥሪያ ቤቱ ተቀባይነት እንዳለው ይጠይቅ። እምነቱን እንደሆነ ዩኒቨርሲቲም ቢገባ የሚነጥቀው የለም።