ለስምንት ቀን ጉዞ፦ አንደሉስ ወይስ ቦስኒያ?



የተከበራችሁ አንባቢያን! ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየቤቱ «ዘንድሮ ልጆቹን ይዘን የት እንሂድ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ለብዙዎቻችን መልሱ የአያቶች መንደር ወይም የዘመድ ቤት ነው፤ ዝምድናን መቀጠል ነውና ምንዳውም ከፍ ያለ ነው። ባሕር ማዶ ዘመድ ላለው ቤተሰብ ግን ጥያቄው አንዳንዴ ራቅ ይላል። ዘንድሮ እኔን የገጠመኝም ይኸው ነው። ገና አልሄድንምና ስለ ጉዞው የማወራችሁ የለኝም። ምርጫው ብቻውን ብዙ ስላሳሰበኝ ግን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ታናሽ ወንድሜ ኖርዌይ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ከባለቤቱና ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር ይኖራል። ትልቁ ልጅ 15፣ ትንሹ 10 ዓመቱ ነው፤ ሁለቱም የተወለዱት እዚያው ነው። ወንድሜ ደውሎ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድም ጋሼ፣ በሐምሌ ከሥራ የማገኘው ስምንት ቀን ነው። ወጪውን እኔ እችለዋለሁ፤ አንተ ናና ልጆቹን ይዘን አንድ አገር እንይ። የእኔን ምክር ለምደውታል። ትልቁ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ አንገቱን ይደፋል። ባለፈው ‹እስልምና የአውሮፓ አይደለም፤ እኛ እዚህ እንግዶች ነን› አለኝ። አንደሉስን ወይም ቦስኒያን ብናሳየው ብዬ አስቤያለሁ። ምርጫው ያንተ ይሁን።»

ከእናንተ መካከል «ከሽርሽር በፊት ሐጅስ? ዕዳስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አቅሙ እያለው ሐጅ ያላደረገ ሰው ፈርዱን ያስቀድም፤ ዕዳ ያለበትም ዕዳውን ይክፈል። እኔና ወንድሜ አላህ አግርቶልን ሐጃችንን ፈጽመናል፤ አልሐምዱሊላህ። ከዚህ ወዲያ ያለው የኒያ ጉዳይ ነው። ቁርኣን በተለያዩ ሱራዎች በምድር ላይ ተጉዘን ከእኛ በፊት የነበሩ ሕዝቦች ፍጻሜያቸው ምን እንደነበረ እንድንመለከት ያሳስበናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ጉዞ ከምግብ፣ ከመጠጥና ከእንቅልፍ የሚያጓድል ድካም መሆኑን ገልጸው፣ ጉዳዩን የጨረሰ መንገደኛ ወደ ቤተሰቡ ፈጥኖ እንዲመለስ መክረዋል። ሁለቱን ስናገናኛቸው፣ ጉዞ የምንሄድበት «ጉዳይ» ሊኖረው እንደሚገባ እንረዳለን።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የእኔ ልብ ወዲያው የበረረው ወደ አንደሉስ ነው። ቂርኣት ቤት ነሕው የቀራ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። ሺህ ያህል ስንኝ ያለውን አልፊያን ያዘጋጁት ኢብኑ ማሊክ የተወለዱት በአንደሉሷ ጀያን ከተማ ነው፤ ያረፉት ደግሞ በ1274 በደማስቆ ነው (ዘመኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ታላቁን ተፍሲር የጻፉት ኢማም አል-ቁርጡቢም ስማቸው እንደሚናገረው የቁርጡባ ሰው ናቸው። እኛ በኩራዝ ብርሃን የቀራነው ዕውቀት ከዚያ ምድር ተነስቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ወሎ ድረስ መድረሱ ያስደንቃል። አገሩን በዓይኔ ለማየት ከልጅነቴ ጀምሮ እመኝ ነበር።

የሚታየውም ብዙ ነው። ሙስሊሞች ወደዚያ ከተሻገሩበት ከ711 ጀምሮ ግራናዳ እጇን እስከሰጠችበት እስከ 1492 ድረስ 781 ዓመታት ይቆጠራሉ። ቀዳማዊ ዐብዱረሕማን በ785 ገደማ ያስጀመሩት፣ ተከታዮቻቸውም ያስፋፉት የቁርጡባ መስጂድ ዛሬም 856 ዓምዶቹን ይዞ ቆሟል። በግራናዳው አልሐምራ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ አሸናፊነት የአላህ ብቻ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ተደጋግሞ ተቀርጿል። መንገዱም አይከብድም። ከአዲስ አበባ እስከ ማድሪድ አውሮፕላን አለ፤ ከማድሪድ ቁርጡባ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። የሐምሌ ሙቀት ግን በቁርጡባ ከ36 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ የአልሐምራ መግቢያ ትኬትም አስቀድሞ ካልተያዘ ላይገኝ ይችላል።

ቦስኒያን ያወቅኋት በሌላ መንገድ ነው። በ1992 እኔ ገና ትንሽ የመድረሳ ልጅ ነበርኩ። ኡስታዛችን ከሶላት በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ለቦስኒያ ሙስሊሞች ዱዓ ሲያደርጉ እኛ «አሚን» እንል ነበር። ቦስኒያ የሰው ስም ይሁን የአገር ስም የማናውቅ ልጆች ነበርን፤ የኡስታዛችን ድምፅ ሲሰበር ግን ነገሩ ከባድ መሆኑ ይገባን ነበር።

ዛሬ አንብቤ የተረዳሁት ይህ ነው። በዚያ አገር እስልምና የተስፋፋው ዑስማኒያዎች በ1463 ከገቡ ወዲህ ነው። የሳራዬቮው ጋዚ ኹስረው ቤግ መስጂድ በ1531 ገደማ ተሠራ። በ1537 እኚሁ ሰው በወቅፍ መድረሳና የኪታብ ቤት አቋቋሙ። በ1992 ጦርነት ተነሳ፤ ሳራዬቮም ለ1,425 ቀናት ተከበበች። በዚያው ዓመት የከተማይቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። በባንያ ሉካ ከተማ የፈርሃዲያ መስጂድ በ1993 ፈረሰ። በዚያው ዓመት በ1566 የተሠራው የሞስታር ድልድይ በመድፍ ተመትቶ ወደቀ። በሐምሌ 1995 ስሬብሬኒትሳ ላይ ከ8,000 በላይ ወንዶችና ልጆች ተገደሉ፤ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቶችም የዘር ማጥፋት ነው ብለው ፈርደዋል።

አንባቢዬ ሆይ! ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ልጅ ይዤ የምሄድበት አገር ባልሆነ ነበር። ግን አላበቃም። የጋዚ ኹስረው ቤግን የእጅ ጽሑፎች የኪታብ ቤቱ ሰዎች በከበባው መካከል ከቦታ ቦታ እያዘዋወሩ አተረፏቸው። የሞስታር ድልድይ በ2004 ተመርቆ ተከፈተ። ፈርሃዲያ በ2016 እንደገና አዛን ተሰማበት። በ1537 የተቋቋመው መድረሳም ዛሬ ደረሳ ያስተምራል። ይህ ለእንደኔ ያለ መምህር ትንሽ ነገር አይደለም።

«ታዲያ ሁለቱንም ለምን አታዩም?» ያለችኝ ባለቤቴ ናት። ቆጠርነው። ከስምንቱ ቀን መሄጃና መመለሻው ሁለቱን ይወስዳል። በቀረው ስድስት ቀን ከሁለት አገር ለሁለት አገር ቢሮጡ ልጆቹ የሚያስታውሱት አውሮፕላን ማረፊያና ሻንጣ ብቻ ይሆናል። ቪዛውም ሌላ ጣጣ አለው፤ ስፔን በሸንገን ውል ውስጥ ናት፣ ቦስኒያ ግን የለችበትም። ስለዚህ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ።

ምርጫውን የቆረጠልኝ ትልቁ ልጅ ራሱ ነው። ሐሳቡን ለማወቅ በስልክ ስለ አንደሉስ አጫወትኩት። ስለ ቁርጡባ መብራቶች፣ ስለ ኪታብ ቤቶቿ፣ ስለ ዑለማዎቿ አንድ በአንድ ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና በተሰባበረ አማርኛው «አጎቴ፣ እነዚያ ሰዎች አሁን የት ናቸው?» አለኝ።

ምን ልበለው? ቁርጡባ በ1236 መውደቋን፣ መስጂዱ ካቴድራል መሆኑን፣ ዛሬም ሙስሊም ገብቶ ቢጎበኝ እንጂ እንዲሰግድበት እንደማይፈቀድለት ነገርኩት። ከግራናዳ ውድቀት በኋላ የቀሩት በግድ እንዲጠመቁ መደረጋቸውን፣ ልጅ ልጆቻቸውም ከ1609 እስከ 1614 ድረስ ከአገር መባረራቸውን ጨመርኩ። በ2003 ግራናዳ ላይ አዲስ መስጂድ መከፈቱንም አልደበቅኩትም። እሱ ግን የሰማው መባረሩን ነው። «እሺ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ያን ቀን ማታ ነገሩን አሰብኩበት። ይህ ልጅ «አያቶቻችሁ ታላላቅ ነበሩ» የሚል ብዙ ሰምቷል። የጎደለው፣ በአውሮፓ ምድር ተወልዶ፣ በአውሮፓ ቋንቋ እየተናገረ፣ ስሙ መሐመድ ወይም ዐብዱላህ የሆነና በስሙ የማያፍር እኩያ ማየት ነው። አምስት መቶ ዓመት በቆየ መስጂድ ሰፍ ውስጥ ገብቶ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው መስገድ ነው። ይህ ሁሉ ሳራዬቮ አለ። ከመስጂዱ አጠገብ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ልክ 12 ሰዓት የሚል የቆየ የሰዓት ማማ ቆሟል። «የአባቴ አገር ሰዓት ለምን ይለያል?» እያለ የሚጠይቀው ትንሹ ልጅ ያንን ቢያይ ደስ ይለዋል።

ስለዚህ ለወንድሜ «ቦስኒያ ይሁን» አልኩት። የእኔ የአንደሉስ ምኞት ይቆይ፤ አልፊያው እጄ ላይ አለ። ስምንት ቀን ለሁለት ሰው ጉጉት አይበቃም፤ የልጁ ጉዳይ ከኔ ናፍቆት ይቀድማል።

አንድ ነገር ግን ከወንድሜ ጋር ተስማምተናል። ወደ ስሬብሬኒትሳ፣ ፖቶቻሪ ወደሚገኘው የሰማዕታት መቃብር የምንሄደው እኔና ትልቁ ልጅ ብቻ ነን። ትንሹ ከአባቱ ጋር ሳራዬቮ ይቆያል፤ የአሥር ዓመት ልጅ ልብ ያን ያህል መቃብር አይሸከምም። ትልቁም የሚሄደው ጥላቻ እንዲማር አይደለም። በሳራዬቮ አሮጌ ከተማ መስጂዱ፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የካቶሊኩ ካቴድራልና የአይሁድ ምኩራቡ በእግር ጥቂት ደቂቃ ተራርቀው ቆመዋል። ይህንንም አብሮ እንዲያይ እፈልጋለሁ። በደልን ማወቅ ሌላ፣ በደለኛ መሆን ሌላ ነውና።

የሶላቱንም ነገር አስቀድሜ አሰብኩበት። በሻፊዒይ መዝሀብ መንገደኛ የገባበትንና የሚወጣበትን ቀን ሳይቆጥር አራት ሙሉ ቀን አንድ ቦታ ለመቀመጥ ከወጠነ ማሳጠር ያበቃል፤ በሐነፊዮች ዘንድ ግን ገደቡ 15 ቀን ነው። ቦስኒያዎች ሐነፊዮች ናቸው። ልጆች ይዞ የሚጓዝ ሰው ይህን ከየኡስታዙ ጠይቆ ቢነሳ መንገድ ላይ ከመወዛገብ ይድናል።

የተከበራችሁ ወላጆች! የእናንተ ምርጫ ምናልባት በሐረርና በባሌ መካከል፣ ወይም በሁለት ዘመዶች ቤት መካከል ይሆናል። ሚዛኑ ግን ያው ነው። የትኛው አገር ይበልጥ ያምራል ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ልጆቻችሁ ምን እንደጎደላቸው ጠይቁ፤ እነሱንም ጠይቋቸው፤ ሲመልሱም አዳምጧቸው። ከዚያ ቀኑን ቁጠሩ፣ ገንዘቡን ቁጠሩ፣ ኒያችሁን አስተካክሉ፣ ኢስቲኻራም ስገዱ።

አላህ (ሱ.ወ) በሰላም ሄደን በሰላም እንድንመለስ ይርዳን። በሩቅ አገር የሚያድጉ ልጆቻችንን በስማቸው የማያፍሩ፣ ሰውንም የማይበድሉ ያድርጋቸው። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።