ሸክሙ ባይቀንስ ትከሻው ይስፋ



ፈተና ሲቃረብ ግቢ ውስጥ ሰላምታችን ሁሉ «ስትረስ ላይ ነኝ» ይሆናል። እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማር ቃሉን ክፍል ውስጥም እናውቀዋለን። ስትረስ ማለት ያረፈው ኃይል ለተሸከመው ስፋት ሲካፈል ነው። 1000 ኒውተን በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ካረፈ ስትረሱ 100 ሜጋ ፓስካል ነው። ያው 1000 ኒውተን በ100 ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ቢያርፍ ወደ 10 ይወርዳል። ሸክሙ አልተነካም፤ የተሸከመው ስፋት ግን ጨምሯል።

ይህን ያነሳሁት የእኛ ሸክም በቀላሉ የሚቀንስ ስላልሆነ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት። ውጤታችን ከ2.00 እንዳይወርድ የምንሰጋም አለን። ከቤት የተላከው ብር ወሩን አያደርስም። የእኔ ቤተሰቦች ማክሰኝት ናቸው፤ የጎንደርና የባሕር ዳር መንገድ ተዘጋ በተባለ ቁጥር፣ ስልክ እምቢ ባለ ቁጥር፣ ደብተር ገልጬ ፊደሉ አይታየኝም። ከእነዚህ አንዱንም በራሴ ኃይል ማስቀረት አልችልም። በእጄ ያለው ስፋቱ ነው።

ስፋቱን ከምንም በላይ የሚያጠበው ሸክሙን ሁሉ ለአንድ ሌሊት ማቆየት ነው። እዚህ ላይ ስለ ጫት ሳይነሳ አይታለፍም። በባሕር ዳር ዙሪያ በብዛት ስለሚመረት ለማግኘት አያስቸግርም፤ የፈተና ሳምንት ሲመጣ «ለማንበብ ብቻ» ተብሎ ይጀመራል። ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አእምሮን ያነቃቃል፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይወስዳል። ምርቃናው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ከዚያ ድብርቱ ይመጣል። ድብርቱን ለመሸሽ በማግስቱ ሌላ ጫት ይገዛል፤ ምርቃናውን በጨብሲ የሚሰብርም አለ። ጭንቀት ሊያቀል የጀመረው ልጅ አሁን ሐራራም ተጨመረበት።

«የድሮ ሰዎች ለዒባዳ ለመንቃት ይቅሙት ነበር» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ሑክሙን ለዑለሞቻችን እተዋለሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ዶርም ውስጥ የሚቃመው ለሱብሒ የሚያስነሳ ነው ወይስ ሱብሒን የሚያሳልፍ?

ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር የተባለው ወጣት ሶሓባ ቀኑን ሁሉ በጾም፣ ሌሊቱን ሁሉ በሶላት ሊያሳልፍ በቆረጠ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውነቱም ዓይኑም በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነግረውታል። ለዒባዳ እንኳ ይህ ከተባለ፣ ለፋይናል ፈተና ዓይንን ሐቁን መከልከል ምን ምክንያት አለው? አእምሮ ቀን ያነበበውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ነው። ለእኛ ዕድሜ የሚመከረው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት የተኛ ሰው 11 ሰዓት ላይ 7 ሰዓት ሞልቶለት ለሱብሒ ይነሳል።

መድረሳ የቀራን ሰዎች ይህን ስሌት ቀደም ብለን ተምረነዋል። ሉሃችን ላይ የሚጻፈው የዕለቱ ድርሻ ብቻ ነበር። እርሱ በቃል ሳይያዝ ሌላ አይጻፍም፤ የሳምንቱን በአንድ ቀን ልጨርስ ማለትም አይፈቀድም። ትልቁ ሱራ ያለቀው በዚያ አካሄድ ነው። ከሱብሒ በኋላ ቀርተን፣ ቁርስ ቀምሰን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ስንሮጥ ሁለቱም ይደርስልን ነበር።

ዛሬም ቀኑን የሚከፋፍሉልን አምስቱ ሶላቶች ናቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የሶላት ሰዓት ሲደርስ ሐበሻዊውን ቢላልን በሶላት እንዲያሳርፋቸው ይጠይቁት ነበር። ለእርሳቸው ዕረፍት ነበረች፤ እኛ ግን አንዳንዴ ከንባብ የምትቀንስብን አድርገን እናያታለን። እኔ ከባዱን ኮርስ ከሱብሒ በኋላ፣ ጭንቅላት ሳይደክም አነባለሁ። ዐስር ከተሰገደ በኋላ መጽሐፍ አልይዝም፤ ወይ ኳስ፣ ወይ ከጓደኛ ጋር በጣና ዳር የእግር መንገድ። እስከ መስጊድ ደርሶ መመለሱም ራሱ ሰውነትን ያፍታታል። ከኢሻ በኋላ የነገውን ሥራ በወረቀት ጽፌ ስልኬን አርቃለሁ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረ ሐሳብ ትራስ ላይ አይከተልም።

የመጨረሻው ስፋት ሰው ነው። ተጨነቅኩ ያለንን ወንድም «ኢማንህ ደክሞ ነው» ብለን አንመልሰው። ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ አልቅሰዋል፤ ኢማናቸው ግን አልጎደለም። አብረነው እንብላ፣ እንስማው። ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ መኖር አስጠላኝ ካለ ደግሞ ብቻውን አንተወው፤ ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም ወደ ተማሪዎች የምክር አገልግሎት አብረነው እንሂድ። ለራስ ምታት ሐኪም ቤት መሄድ ከተወኩል ጋር እንደማይጋጭ ሁሉ ይህም አይጋጭም።

መንገዱን መክፈት፣ ሰላም ማውረድ የአላህ (ሱ.ወ.) ነው። የእኛ ድርሻ የዕለቱን ሉህ መያዝ ነው። አላህ ጭንቀታችንን ያቅልልን፣ ፈተናውን ያግራልን፣ በሰላም ከቤተሰቦቻችን ያገናኘን። ኣሚን።