የዓሣው ልክ

ጃፓን ማስተርሴን ስማር ምሳ የምበላበት ቤት ግድግዳ ላይ ጥቁር ዓሣዎች ተሰቅለው ነበር። ሥዕል መስለውኝ ነበር፤ ባለቤቱ ግን የእውነተኛ ዓሣ አሻራ መሆናቸውን አስረዱኝ። «ግዮታኩ» ይባላል፤ «ግዮ» ዓሣ፣ «ታኩ» ደግሞ ከቅርጽ ላይ የተወሰደ አሻራ ነው። ካሜራ ባልነበረበት ዘመን አጥማጆች የያዙትን ዓሣ ትልቅነት የሚያስመሰክሩት በዚህ ነበር። ከቀደምቶቹ አንዱ በ1839 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲሆን ጹሩኦካ በተባለች ከተማ ተቀምጧል። ቀለሙ ከጥላሸትና ከእንስሳት ሙጫ ይዘጋጃል። የእኛም የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም ጥላሸት አለበትና ብዙም እንግዳ አልሆነብኝም።

አሁን የምኖረው ጆሃንስበርግ ነው። ባሕር የለም፤ ዓሣ በረዶ ሆኖ በመኪና ይመጣል። በቅርቡ የስድስት ዓመቷ ልጄ አባቴ ጣና ዳር ዓሣ ይዞ የተነሣውን ፎቶ አይታ «እውነት ይህን ያክል ነበር?» አለችኝ። እጁን ወደ ካሜራው ስለዘረጋ ዓሣው ከደረቱ ይሰፋል። አባቴ እሷ ሳትወለድ አርፏል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ምስል በሁለት ጣት ሲለጠጥ በየቀኑ አያለሁ። አሻራ ግን አይለጠጥም፤ ወረቀቱ ዓሣውን ራሱን ነክቷል።

ቅዳሜ አንድ ሙሉ ቆሮሶ ገዛን። ልሞክር ለምትሉ፣ ዋናው ሥራ ዝግጅቱ ነው። ዝልግልጉ እስኪለቅ በጨው ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያ በደንብ ይደርቃል። እርጥብ ከሆነ ቀለሙ ይፈሳል፣ ቅርፊቱም አይታይም። ክንፎቹ በመርፌ ተወጥረው ይያዛሉ። ቀለሙ በስሱ ይቀባል፤ ስስና ጠንካራ ወረቀት ይለብስና ሳይንሸራተት በጣት ይዳሰሳል። ጃፓኖቹ ዓሣውን አጥበው ይበሉታል። የእኛ ቀለም ለምግብ የሚሆን ስላልነበረ ጣልነው፤ ባለቤቴ እስካሁን ይቆጫታል።

ሦስተኛው ወረቀት ላይ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ወጣ። ዓይኑ ግን በአሻራ አይወጣም፤ በብሩሽ ይሣላል። ልጄ ሣለችው፣ ትንሽ ተለቀ። ከዚያ ማስመሪያ አምጥታ ለካች፦ 29 ሴንቲ ሜትር። ቁጥሩን ከሥሩ ጻፈችና ቀኑን ጠየቀችኝ። «ቆሮሶ» የሚለውን በፊደል ጻፍኩላት፤ «ሮ» ላይ ሁለት ጊዜ ሰርዛ ገለበጠችው።