ሁለተኛው ሰውዬ

ስለ ግሪኮ ሮማን ትግል አንድም ነገር ሳላውቅ ነው ትግል እያየሁ ያለቀስኩት። አዎ፣ አልቅሻለሁ፤ አትሳቁ።

ሐምሌ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ ነው። አባዬ የሴቶቹን የ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ይጠብቃል። እኔ ሪሞቱን ይዤ ከቻናል ቻናል ስዘል የፓሪስ ኦሎምፒክ የትግል ፍጻሜ ላይ አረፍኩ። ሁለት ግዙፍ ሰዎች ደረት ለደረት ገጥመው ይገፋፋሉ። በዚህ ዓይነቱ ትግል ከወገብ በታች መያዝም ሆነ በእግር መጥለፍ ክልክል ነው።

አንደኛው ኩባዊው ሚሃይን ሎፔዝ ነው። 42 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግን ቤጂንግ፣ ለንደን፣ ሪዮ፣ ቶኪዮ... አራት ኦሎምፒክ፣ አራት ወርቅ! ከቶኪዮ ወዲህ በዓለም አቀፍ ውድድር ሳይታይ ቆይቶ ፓሪስ መጣና የ2023ቱን የዓለም ሻምፒዮን፣ ኢራናዊውን አሚን ሚርዛዛዴን፣ ሳይቀር አሰናበተ። ፍጻሜውን 6 ለ 0 ጨረሰው። በአንድ የግል ውድድር አምስት የኦሎምፒክ ወርቅ በተከታታይ የወሰደ ከእሱ በፊት ማንም አልነበረም። ካርል ሉዊስም ማይክል ፌልፕስም አራት ላይ ነው የቆሙት።

ከዚያ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ መሃል ትቶት ወጣ። በታጋዮች ልማድ «በቃኝ» ማለት ነው።

ካሜራው ጫማውን ሲያሳይ እኔ የተሸነፈውን ሰውዬ እፈልግ ነበር። ጋዜጠኛ ነኝና (ቢያንስ ዲግሪዬ እንደዚያ ይላል) ስልኬን አውጥቼ ስለሱ ማንበብ ጀመርኩ። ያስማኒ አኮስታ ይባላል፤ የቺሊ ተወዳዳሪ ነው። ለካስ የተወለደው ኩባ ነው! ከሎፔዝ ጋር በአንድ ብሔራዊ ቡድን አብሮ የተለማመደ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦሎምፒክ ላይ አንድ አገር በአንድ የክብደት ምድብ ማሰለፍ የሚችለው አንድ ታጋይ ብቻ ነው። እንደ ሩጫችን ሦስት ቦታ የለም። አኮስታ ደግሞ በሎፔዝ አገር፣ በሎፔዝ ዘመን፣ በሎፔዝ ክብደት ታጋይ ሆነ። እድል ይሏችኋል ይሄ ነው! በ2015 ለውድድር ሳንቲያጎ ሄዶ በዚያው ቀረ። ጥበቃ እየሠራ ልምምዱን ቀጠለ። በ2017 በዓለም ሻምፒዮና ለቺሊ ነሐስ አመጣ። አገሩን ጥሎ በወጣ በዘጠኝ ዓመቱ የኦሎምፒክ ፍጻሜ ደረሰ፤ እዚያ የጠበቀው ማን ነው? ሎፔዝ።

ያለቀስኩት እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም እኔም የራሴ ሎፔዝ አለችኝ።

ስሟን አልጠራም፤ ይህን ጽሑፍ ማንበቧ አይቀርም። ዩኒቨርሲቲ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተማርን። እኔ ሦስት ጊዜ ሰርዤ የምጽፈውን መግቢያ እሷ ሻይዋን እየጠጣች ትጨርሰዋለች። ስንመረቅ አንድ ጋዜጣ ላይ አንድ ክፍት ቦታ ወጣ። ሁለታችንም ተፈተንን፣ እሷ አለፈች። «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳትና ከዚያ በኋላ ስልኳን ማንሳት ተውኩ። ምን አጠፋች? ምንም። ከሁሉም የከፋው እሱ ነበር። ብታጭበረብር ኖሮ እኮ ሰድቤያት ይወጣልኝ ነበር። እሷ ግን በቃ ትበልጠኛለች።

አኮስታ ሎፔዝን አልጣለውም። የዚያን ቀንም ተሸነፈ። ግን ያ ብር ቺሊ በትግል ያገኘችው የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ሆነ። ኩባ ውስጥ ለሁለቱ የነበረው አንድ ቦታ ነው፤ ፍጻሜው ላይ ግን ሁለት ቦታ አለ። እኔ ሥራዋን ብቻ ሳይሆን መጻፉንም ለእሷ ትቼላት ወራት ተቀምጬ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ የአባዬ ሩጫ ተጀመረ። ያሸነፈችው ኬንያ ተወልዳ ለባሕሬን የምትሮጠው ዊንፍሬድ ያቪ ናት። አባዬ «የሰው አገር ማልያ ለብሳ!» ብሎ ተነጫነጨ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብሬው እነጫነጭ ነበር። ያን ማታ ግን ዝም አልኩ፤ ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩና ደወልኩላት።

«በሰላም ነው በዚህ ሰዓት?» አለችኝ።

«ትግል አይተሻል?»

«የምን ትግል?»

ከየት እንደምጀምርላት ስለጠፋኝ ስለ ጫማው ጀመርኩላት።